የዓመት በዓል ካሴት

ዓመት በዓል በተቃረበ ቍጥር ዶሮው ከገበያ፣ ቄጠማው ከወንዝ ዳር፣ ጠላው ከጋን እንደሚጠበቅ ሁሉ አዲስ ዘፈንም ከካሴት ቤት ይጠበቅ በነበረበት ዘመን፣ በመርካቶና በፒያሳ በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከዋዜማው ሳምንት ጀምሮ መንገደኛውን ሁሉ ያዘገየው እንደ ነበር፣ ያን ጊዜ የነበረ ሰው አይዘነጋውም። ዛሬ ከአንባቢ ጋር ላስተዋውቀው የፈለግሁት ከዚያ ሱቅ መደርደሪያ ወርዶ፣ አንዳንዴም በስጦታ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከእንኳን አደረሰህ ጋር ለወዳጅና ለዘመድ ይሰጥ የነበረውን ያንን በመዳፍ የሚያዝ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። የዛሬ ልጆች ዘፈንን ከስልክ ወደ ስልክ በቅጽበት እየላኩ ካሴትን እንደ ጥንት ቅርስ ማየት ጀምረዋልና ትውውቁ ያለጊዜው መጣ አያሰኝም።

የተቀረጸ ድምፅ ወደ ቤተ መንግሥታችን የገባው ግን በዘፈን ሳይሆን በሰላምታ መልክ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት የቃል መልእክት በሰም ሲሊንደር ላይ ተቀርጾ አዲስ አበባ ደረሰ፤ መልእክቱ ከተሰማ በኋላም ንግሥቲቱ አስቀድመው ባዘዙት መሠረት ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ተደረገ። ምኒልክና ጣይቱም በበኩላቸው ድምፃቸውን አስቀርጸው መልሱን ሰደዱ፤ ይህኛው ከጥፋት ድኖ እስከ ዛሬ ይሰማል። ድምፅን ቀርጾ ለወዳጅ መስደድ በሀገራችን ታሪክ በእጅ መንሻ ደረጃ ተጀመረ ብንል ከእውነት አንርቅም። ዐሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1908፣ ኋላ ነጋድራስ የተባሉት ባለቅኔው ተሰማ እሸቴ ለትምህርት ጀርመን ተልከው ሳሉ ዜማቸውን በዚያው በሸክላ አስቀረጹ፤ የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የተቀረጸበት ታሪክም ከእርሳቸው ይጀምራል።

ስለ ሸክላው ዘመን ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ የማነሣው ለካሴት ነገር የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ሸክላ የማሳተሙ መብት በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ለብዙ ዘመን ሲኖር፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ በ1969 (እንደ አውሮፓውያን መሆኑ ነው) ይህን ክልከላ ደፍሮ በመጣስ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ሕንድ ድረስ ልኮ አሳተመ፤ እስከ 1975 ባለው ጊዜም 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን ለገበያ አቀረበ። ከእርሱ ቀጥሎ አሊ ታንጎ በመባል የሚታወቁት አሊ አብደላ ኬይፋ የማሕሙድ አሕመድን «እረ መላ መላ» ጨምሮ ብዙ ሥራ አወጡ። ነገር ግን የትንሹ ሸክላ አንድ ገጽ ከሦስትና ከአራት ደቂቃ እምብዛም የማያልፍ ስለሆነ ረዘም ያለው ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በጀርባው ይቀጥላል፤ ጭፈራው ሞቅ ባለበት ሰዓት አንድ ሰው ከመሐል ወጥቶ ሸክላውን ይገለብጣል ማለት ነው። ማጫወቻውም ውድ ነበረና፣ ሸክላ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ተቀባዩ ማጫወቻ ያለው መሆኑን ማሰብ ነበረበት።

ካሴት ይህን ሁሉ አቀለለው። የፊሊፕስ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሆላንዳዊው ሉ ኦተንስ አዲሱ መቅረጫ ምን ያህል ማነስ እንዳለበት ለመወሰን ከኮቱ ኪስ ልክ የሚገባ እንጨት አስጠርቦ በዚያ ልክ እንዲሠራ እንዳደረገ ይተረካል፤ ያ እንጨትም ኋላ መኪናው ጎማ በፈነዳበት ቀን የክሪክ መደገፊያ ሆኖ እንደ ጠፋ ይነገራል። ካሴቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በበርሊን የራዲዮ ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ። ፊሊፕስም ሌሎች ፋብሪካዎች በዚሁ መጠን እንዲሠሩ ያለ ክፍያ ስለ ፈቀደ፣ ጃፓን የተሠራው ካሴት በጀርመን ቴፕ፣ የጀርመኑም በጃፓን ቴፕ ሳይቸገር ይዘፍናል። ለዓለም ድሆች ሀገሮች ከዚያ ፈጠራ ሁሉ የጠቀመው ይህ ልግስና ነው ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩን ለማየት አንዱን ካሴት አንሥተን እንፍታው። በውስጡ ወርዱ ከአራት ሚሊ ሜትር የሚያንስ የፕላስቲክ ክር በሁለት መዘውሮች ላይ ተጠቅልሏል፤ በአንደኛው ፊቱ የብረት ዝገትን የመሰለ ቡናማ ዱቄት ተለብጦበታል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የሚሆነው በዚህ ዱቄት ላይ ነው። ክሩ በሴኮንድ አምስት ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ፍጥነት በቴፑ መግነጢሳዊ ራስ ፊት ሲያልፍ፣ በመቅዳት ጊዜ የድምፁ ኤሌክትሪክ የዱቄቱን ቅንጣቶች በየመልካቸው ያሰልፋቸዋል፤ በማጫወት ጊዜ ደግሞ የተሰለፉት ቅንጣቶች ያንኑ ኤሌክትሪክ መልሰው ይቀሰቅሳሉ፤ ከመቅጃው ራስ በፊት የሚገኘው ማጥፊያም በመቅዳት ጊዜ የቀድሞውን ድምፅ ይደመስሳል። የስድሳ ደቂቃው ካሴት 86 ሜትር ያህል ክር ይዞ በየገጹ ሠላሳ ደቂቃ ያሰማል። በካሴቱ ጀርባ በኩል ከግራና ከቀኝ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አሉ፤ እነዚህ ሲሰበሩ ቴፑ በዚያ ካሴት ላይ መቅዳት ይከለከላል፤ ለዚህም ነው ከሱቅ ይገዛ የነበረው ኦሪጂናል ካሴት ጥርሱ ተሰብሮ ይሸጥ የነበረው። በየቤቱ ግን ዘዴው የታወቀ ነው፤ በተሰበረው ጥርስ ፈንታ ወረቀት ጠቅልለው ይወትፉበታል፣ ወይም ፕላስተር ይለጥፉበታል፤ የአባት የተወደደ ካሴትም በዚህ ብልሃት በልጅ እጅ ሌላ ዘፈን ተቀድቶበት የቤት ጠብ ሆኖ ያርፋል። ቴፑ ካሴቱን የበላ እንደሆነ ደግሞ ባለ ስድስት ማዕዘን እርሳስ በባለ ስድስት ጥርሱ መዘውር ውስጥ ገብቶ የተዝረከረከውን ክር ቀስ በቀስ ይጠቀልለዋል፤ ለዚህ ሥራ ከእርሳስ የሚሻል መሣሪያ አልተገኘም።

ሀገራችን ካሴትን በሰፊው የተቀበለችው ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ከተማ በዘጋበት በደርግ ዘመን ነው። የምሽት ጭፈራው ሲጠብ ዘፈኑ ወደ ቤት ገባ፤ በድንጋይ የሚሠራው ቴፕም መብራት ወዳልደረሰበት ገጠር ሳይቀር ዘለቀ። አስተዋይ ሻጮች አዲስ ካሴት በእንቁጣጣሽ፣ በገና ወይም በፋሲካ ዋዜማ ማውጣት እንደሚሻል ቶሎ ተረዱ፤ ልማዱም ካሴት ለሲዲ ቦታውን ከለቀቀ በኋላ እንኳ አልቀረም፤ የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» በ2004 ዓ.ም. የወጣው በትንሣኤ ዋዜማ ነበር። ለፋሲካው ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሃምሳ አምስቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ምእመኑ ከዘፈን ርቆ የዐሥር አውታሩን በገና ሲሰማ ይሰነብታል፤ የዓለሙ አጋ የበገና ካሴቶች ከዚህ ወቅት ጋር ተለይተው የማይታዩትም ስለዚህ ነው፤ ጾሙ ሲፈታ ግን ጆሮም አብሮ ይፈታል። በሙስሊሙ ዘንድም የመንዙማ ካሴት በረመዳንና በመውሊድ ከቤት ቤት ሲዘዋወር ኖሯል።

ይሁን እንጂ ካሴትን ከሸክላ የሚያስበልጠው፣ እንደኔ አስተያየት፣ ርካሽነቱም ሆነ ቅለቱ አይደለም፤ በድምፅ ጥራት ከተመዘነማ ደህና የተያዘ ሸክላ ይበልጠዋል። ብልጫው ሰሚውን መራጭ ማድረጉ ነው። ባዶ ካሴት ይገዛል፤ ካሴት ቤት ሄዶ ያስቀዳል ወይም ከሁለት ጓደኞች ቴፕ ተውሶ ራሱ ይቀዳል፤ ከጥላሁን አንድ፣ ከብዙነሽ አንድ፣ ከአስቴር ሁለት እያለ ይለቃቅማል፤ በመጨረሻም በመያዣው ወረቀት ላይ ዝርዝሩን በእስክሪብቶ አሳምሮ ጽፎ ለሚወደው ሰው ይሰጣል። ተቀባዩ ከዘፈኖቹ ይልቅ የሰጪውን ልብ ያደምጣል፤ ለምን ይህ ከዚያ ቀደመ፣ ለምን ይህ ሁለት ጊዜ ገባ እያለ ይመረምራል። በዚህ መንገድ ያልተነገረ ፍቅር ስንት ጊዜ እንደ ተነገረ የካሴት ቤት ሰዎች ቢጠየቁ ብዙ ያጫውቱን ነበር።

የበዓል ካሴት መቅዳት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ባለማወቅ የሚያበላሹት ብዙዎች ናቸው። ጀማሪው ሁሉን የደመቀ ዘፈን በመጀመሪያው ገጽ ያከማቻል፤ ጠዋት ከቅዳሴ ተመልሰው ዶሮ ወጡ እየቀረበ ባለበት ሰዓት አያት አጠገብ ጭፈራ ይለቅባቸዋል፤ ማታ ወጣቱ ሲሰበሰብ ደግሞ የቀረው ትዝታ ብቻ ይሆናል። አዋቂው የሚከተለው የሊቃውንቱን ሥርዓት ነው፤ በማኅሌት ቀለሙ መጀመሪያ በቁም ዜማ ረጋ ብሎ ይባልና ወደ ዝማሜ፣ ከዚያም ወደ መረግድ፣ በመጨረሻ ወደ ጽፋት እየፈጠነ እንደሚሄድ፣ ካሴቱም ከመዝሙር ተነሥቶ በቆዩት ዘፈኖች በኩል ወደ ሆታው ይወጣል። አንደኛው ገጽ ለጠዋትና ለቡናው፣ ሁለተኛው ለማታው ይሁን። የዘሪቱ ጌታሁን «እንቁጣጣሽ» በመስከረም አንድ ማለዳ ያላትን ግርማ በጥቅምት የሚያገኝ የለምና፣ የወቅቱ ዘፈን በወቅቱ ቦታ ይግባ። በየገጹ መጨረሻም ዘፈን በመሐል እንዳይቆረጥ ደቂቃውን አስቀድሞ መቍጠር ያስፈልጋል፤ «ክሩ አለቀ» ተብሎ የሚታለፍ ጥፋት አይደለም።

ካሴት ባሕር ተሻግሮም ሠርቷል። በዋሽንግተን ከተማ የሚኖር ስደተኛ በበዓል ሰሞን ከሀገር ቤት የሚመጣ መንገደኛን የሚጠብቀው ለበርበሬውና ለሽሮው ብቻ አልነበረም፤ በልብሱ መሐል ተጠቅልሎ ለሚመጣ ካሴትም ነበር፤ በአንደኛው ገጽ ዘፈን፣ በሌላው የእናት ድምፅ፣ የጎረቤት ሰላምታ፣ የሕፃናት ጫጫታ። ፖስታ ጽፎ የማያውቅ ሰው ሁሉ በካሴት ረዥም ደብዳቤ ላከ።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ የቆመ አንድ በደል አለ፤ እርሱም በየቤቱና በየሱቁ የተቀዳው ካሴት ለዘፋኙ፣ ለግጥም ደራሲውና ለዜማው ባለቤት አንድ ሳንቲም አለማስገባቱ ነው። ለወዳጅ የሚቀዳውን አንድ ካሴት በበደል አልቈጥረውም፤ በሺህ እየቀዱ የሸጡት ግን የሰውን እንጀራ በልተዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ የካሴት ዘመን ወደ ማታው ተቃርቦ ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ ባረፈ ጊዜ ዘፈኑ ያልነበረበት ቤት ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ከዚያ ሁሉ ካሴት ስንቱ በክፍያ እንደ ተገዛ ግን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን የምናቀረቅር ይመስለኛል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የካሴት ክር ዘላለማዊ አይደለም፤ ሙቀትና እርጥበት ዱቄቱን ያረግፉታል፣ ዓመታትም እርስ በርሱ ያጣብቁታል። በጓዳህ ወይም በአልጋህ ሥር የቆየ ካርቶን ካለ ከመጪው እንቁጣጣሽ በፊት አውጣው፤ ካሴቶቹን አራግፈህ፣ አንድ ጊዜ ወደ ፊት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው አዙረህ፣ ደህና ቴፕ ካለው ሰው ዘንድ ወስደህ ወደ ኮምፒዩተር አስገልብጣቸው። በተለይ የእናት ወይም የአያት ድምፅ ያለባቸውን አስቀድም፤ ዘፈኑን ሌላ ሰው ሊኖረው ይችላል፣ እነርሱ ግን አንተ ዘንድ ብቻ ናቸው። ለወዳጅህም ስትልክለት የዘፋኙን፣ የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም አብረህ ጻፍለት፤ ዘፈኑ ዛሬም በሽያጭ ላይ ያለ እንደሆነ ደግሞ ገዝተህ ላክለት።