ራዲዮአክቲቭ አዮዲን በሰው አካል ውስጥ የሚያስከትለው ለውጥ

የሰው አካል ንጥረ ነገሮችን የሚለየው በኬሚካዊ ጠባያቸው እንጂ በኒውክለሳቸው ክብደት አይደለም። ስለዚህም 74 ኒውትሮኖች ያሉትን የተለመደውን አዮዲን 127 ተቀብሎ፣ 78 ኒውትሮኖች ያሉትን አዮዲን 131 ለመመለስ የሚያስችለው መንገድ የለውም። የሁለቱም ፕሮቶኖች 53 ናቸው፤ የኤሌክትሮኖቻቸውም አቀማመጥ አንድ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የአቶምን አወቃቀር ስናስተምር «አይሶቶፕ» የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚቀር ትርጓሜ ብቻ ይሆናል። የአዮዲን ታሪክ ግን ቃሉ በአንድ ሕፃን አንገት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያሳይ፣ የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት መምህራን በጋራ ሊገለገሉበት ይችላሉ በሚል እምነት ይህ ጽሑፍ ቀርቧል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታይሮይድ ዕጢ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች የሚገኝ፣ ቅርጹ ቢራቢሮ የሚመስል አካል ሲሆን፣ በአዋቂ ሰው ክብደቱ ከ15 እስከ 20 ግራም ይደርሳል። ዕጢው የሚሠራው ታይሮክሲን የተባለው ሆርሞን በእያንዳንዱ ሞለኪውል 4 የአዮዲን አቶሞችን ይይዛል። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ይህችንም ታህል በየቦታው ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ዕጢው በደም ውስጥ ያለውን አዮዲን አጥብቆ እየሳበ ያከማቻል። በቂ አዮዲን የሚያገኝ ሰው ከዋጠው ውስጥ ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ዕጢው ይገባል፤ ከቀረው አብዛኛው በሽንት ይወጣል። እንግዲህ አደጋውም ፈውሱም የሚመነጩት ከዚሁ የማከማቸት ጠባይ ነው።

አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ሲሆን፣ ቤታና ጋማ ጨረር እየለቀቀ ወደ ዜኖን 131 ይለወጣል። የጋማው ጨረር አብዛኛው ከአካል አልፎ ይወጣል፤ ሐኪሞችም ከውጭ ሆነው ዕጢውን ለመመርመር የሚጠቀሙት በእርሱ ነው። የቤታው ጨረር ግን በሥጋ ውስጥ ከ2 ሚሊሜትር ገደማ በላይ ስለማይጓዝ ጉልበቱን የሚያሳርፈው እዚያው በተከማቸበት ዕጢ ላይ ነው።

እዚህ ላይ እጩ መምህራን ዘወትር የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። የጨረሩ መጠን በጨመረ ቁጥር ካንሰር የመፍጠር ዕድሉም ሳያቋርጥ ይጨምራል ብለው ያስባሉ። ነገር ግን እጅግ ከፍተኛ ጨረር ያረፈበት ሕዋስ ይሞታል፤ የሞተ ሕዋስ ደግሞ አይባዛምና ካንሰር ሊሆን አይችልም። ይልቁንም የሚያሠጋው ቆስሎ የተረፈው ሕዋስ ነው። የዘር ውርስ መልእክት የተጻፈበት ዲ.ኤን.ኤ. ተቆርጦ በተሳሳተ ቦታ ሲገጣጠም፣ ሕዋሱ ስሕተቱን ይዞ ይባዛል። የሕፃን ዕጢ ሕዋሳት በዕድገት ላይ ስለሆኑ በብዛት ይከፋፈላሉ፤ በዚያ ላይ የአንድ ዓመት ሕፃን ዕጢ ከ2 ግራም ብዙም ስለማይበልጥ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው አዮዲን በእያንዳንዱ ግራም ላይ የሚያሳርፈው ጨረር ከአዋቂው ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ሐኪሞች የሕዋሱን ሞት ሆን ብለው ለፈውስ ይጠቀሙበታል። አዮዲን 131ን በ1938 በካሊፎርኒያ ያገኙት ሊቪንጉድና ሲቦርግ ናቸው። በ1941 ዶክተር ሶል ኸርዝ በቦስተን ከተማ ዕጢያቸው ከመጠን በላይ የሚሠራባቸውን ሕሙማን በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ማከም ጀመረ። ዛሬም ይህ ሕክምና፣ እንዲሁም የታይሮይድ ካንሰር ከቀዶ ጥገና በኋላ እንዳያገረሽ የሚሰጠው ከፍ ያለ መጠን፣ በሰፊው ይሠራበታል። ዋጋ ግን አለው፤ ብዙዎቹ ታካሚዎች ዕጢያቸው ሥራውን ስለሚያቆም ዕድሜ ልካቸውን ሆርሞኑን በክኒን ይወስዳሉ። የምራቅ ዕጢዎችም አዮዲን ስለሚስቡ አፍ ሊደርቅ ይችላል። የጽንስ ታይሮይድ ከ3ኛው ወር አካባቢ ጀምሮ አዮዲን ስለሚያከማች፣ ሕክምናው ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም፤ በጡት ወተትም ስለሚተላለፍ የምታጠባ እናት ማጥባቷን ታቆማለች።

አደጋው በሰፊው የታየው በቸርኖቢል ነው። ሚያዝያ 26 ቀን 1986 (በወቅቱ የሶቪየት ኅብረት ክፍል በነበረችው በዩክሬን) የኒውክሌር ማመንጫው ሲፈነዳ፣ አዮዲኑ በነፋስ ተጉዞ በሣር ላይ አረፈ። ሣሩን ላም በላች፤ ወተቱን ሕፃናት ጠጡ። ከ1990 ወዲህ በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በሩሲያ አዋሳኝ አውራጃዎች የሕፃናት የታይሮይድ ካንሰር በግልጽ ጨመረ፤ እስከ 2005 ድረስም በአደጋው ጊዜ ሕፃናትና ወጣቶች ከነበሩት መካከል የታመሙት ከ6 ሺህ በላይ ሆኑ። በጊዜው ስለታከሙ የሞቱት ጥቂቶች ናቸው። ይህን ሁሉ ማስቀረት ይቻል እንደነበር ማሰብ ያሳዝናል፤ ወተቱ ወደ ዱቄት ተለውጦ 80 ቀን ቢቆይ ኖሮ፣ ማለትም 10 ግማሽ ዕድሜ ቢያልፍበት፣ ከአዮዲኑ የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ ያነሰ ነበር። ለክፍል ውስጥ ስሌት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ፖላንድ በአንጻሩ ከሚያዝያ 29 ቀን ጀምሮ 10 ሚሊዮን ተኩል ለሚሆኑ ሕፃናት የተለመደውን አዮዲን በፖታስየም አዮዳይድ መልክ አደለች። ዕጢው አስቀድሞ ከጠገበ በኋላ የሚመጣውን አይቀበልምና። ይህ መድኃኒት የሚጠቅመው ከአደጋው ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲወሰድ ነው፤ የሚጠብቀውም ታይሮይድን ብቻ ነው። ለሲዚየም አንዳች አይፈይድም።

በቸርኖቢል ዙሪያ የነበረው አፈር በአዮዲን ደኸይቶ ስለነበር፣ የተራቡት ዕጢዎች የመጣውን ሁሉ ስበዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። እንቅርት ለእኛ ደጋ ተማሪዎች እንግዳ ስላልሆነ ትምህርቱን ከዚህ መጀመር ይቻላል። ሆኖም መምህሩ ከአንድ ስሕተት ይጠንቀቅ። በ2011 በጃፓን የፉኩሺማ አደጋ ሲደርስ፣ በቻይና ሕዝቡ ከጨረር ያድነናል በማለት አዮዲን ያለበትን ጨው ከየሱቁ ተሻምቶ ገዝቶ ነበር። አንድ አዋቂ በአደጋ ጊዜ የሚወስደው አዮዲን 100 ሚሊግራም ነው፤ በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢኖር፣ ያንን ለማግኘት ከ3 ኪሎ በላይ ጨው መዋጥ ያስፈልጋል። ጨው የሚጠቅመው በሌላ መንገድ ነው፤ በየዕለቱ በወጥ ውስጥ ገብቶ ዕጢው እንዳይራብ ያደርጋል፤ ያልተራበ ዕጢ ደግሞ ከሚመጣው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የሚስበው ያነሰ ነው።