ፊልም በኢንተርኔት ስለ መከራየትና ስለ አመራረጡ

በራዲዮ ከተሰማ በኋላ ዛሬ በዚህ ዓምድ በጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ንግግር ስለ ፊልም ኪራይ ነው። ነገሩ ሲሰሙት የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው የገንዘብም የጊዜም ጉዳይ ነው። በገንዘብ በኩል፣ ልብ ሳይባል በየወሩ የሚቆረጥ ሒሳብ አለ። በጊዜም በኩል፣ ቢሮ ተዘግቶ ቤተ ሰብ በሚሰበሰብበት ምሽት «ምን እንይ?» እየተባለ በፍለጋ ብቻ የሚያልፍ ሰዓት አለ። ስለዚህ የኪራዩን ዓይነትና አመራረጡን በየተራ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። ቀድሞ ፊልም የሚከራይ ሰው ወደ ቪዲዮ ቤት ሄዶ ካሴቱን ወይም ዲቪዲውን ይዞ ይመጣና በቀኑ ይመልስ ነበር፤ ቀኑን ያሳለፈ እንደ ሆነ መቀጫ ይከፍላል። ሪድ ሄስቲንግስና ማርክ ራንዶልፍ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1997 በካሊፎርኒያ ኔትፍሊክስን አቋቋሙ፤ በሚከተለውም ዓመት ደንበኛው በኢንተርኔት እያዘዘ ዲቪዲው በፖስታ እንዲላክለት አደረጉ። ሥራውን ሲጀምሩ የነበሯቸው ፊልሞች 925 ያህል ነበሩ። በ1999 በየወሩ የሚከፈል ደንበኝነት ተጀመረ፤ በ2007 ደግሞ ፊልሙ በኢንተርኔት መስመር በቀጥታ ይታይ ጀመር። በሺህ የሚቈጠሩ ሱቆች የነበሩት ብሎክበስተር የተባለው የኪራይ ድርጅት በ2010 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ። ኔትፍሊክስም ራሱ ከ5 ቢሊዮን በላይ ዲቪዲዎችን በፖስታ ካመላለሰ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 29 ቀን 2023 የመጨረሻውን ልኮ ያንን ሥራ ዘጋ። እንግዲህ ዛሬ የፊልም ኪራይ ሲባል በአብዛኛው በመስመር የሚመጣው ፊልም ማለት ነው።

ይህም አገልግሎት በአከፋፈሉ በአራት ይከፈላል።

አንደኛው በየፊልሙ የሚከፈለው እውነተኛው ኪራይ ነው። አፕል ይህን ዓይነት ኪራይ በጃንዋሪ 2008 ሲጀምር፣ የተከራየው ሰው ፊልሙን ማየት ለመጀመር 30 ቀን፣ ከጀመረም በኋላ ለመጨረስ 24 ሰዓት ተሰጥቶት ነበር። ዛሬ በአሜሪካ በአፕልም በዩቲዩብም የሚሠራበት ደንብ ለመጀመር 30 ቀን፣ ከጀመሩ በኋላ 48 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ ፊልሙ በራሱ ይዘጋል፤ ስለዚህ የሚመለስ ዕቃም ሆነ የመዘግየት መቀጫ የለም።

ሁለተኛው በየወሩ የሚከፈለው ደንበኝነት ነው፤ ኔትፍሊክስ የዚህ ምሳሌ ነው። ሦስተኛው በፊልሙ መካከል ማስታወቂያ እያሳየ ያለ ክፍያ የሚያቀርበው ነው። አራተኛው በቤተ መጻሕፍት በኩል የሚገኘው ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ካኖፒ የተባለው አገልግሎት የከተማው ቤተ መጻሕፍት ውል ከገባ፣ የአንባቢነት ካርድ ላለው ሁሉ ያለ ዋጋ ፊልም ያሳያል። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት የሰፈራቸውን ቤተ መጻሕፍት ቢጠይቁ ይጠቀማሉ።

ከነዚህ መካከል ለመምረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «በወር ስንት ፊልም አያለሁ?» የሚለው ነው። ለምሳሌ ያህል የአንዱ ፊልም ኪራይ 4 ዶላር፣ የወሩ ደንበኝነት ደግሞ 16 ዶላር ነው እንበል። በወር ከአራት ፊልም በታች የሚያይ ሰው በየፊልሙ ቢከፍል ይቀለዋል፤ ከአራት በላይ ለሚያየው ደግሞ ደንበኝነቱ ይሻለዋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው ግን ሊያያቸው የሚመኛቸውን እንጂ በእውነት የሚያያቸውን ፊልሞች ስለማይቈጥር ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት አስቦ መቊጠር የተሻለ መለኪያ ነው። በሦስት ወር ሁለት ፊልም ብቻ ያየ ሰው ደንበኛ ሆኖ መክፈሉ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው።

በአገራችን ለሚኖር ሠራተኛ አንድ የሚጨመር ነገር አለ። የብር ምንዛሪ ከጁላይ 2024 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ደመወዙን በብር የሚቀበልና ለፊልም በዶላር የሚከፍል ሰው፣ የዶላሩ ዋጋ ሳይጨምር እንኳ ወጪው በብር ሊጨምርበት ይችላል። ስለዚህ የሚከፈለውን ሁልጊዜ በብር አስልቶ ከቤቱ ወጪ ጋር ማመዛዘን ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ «የምፈልገው ፊልም እዚያ ይገኛል ወይ?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው አንዱ ድርጅት ሁሉን ፊልም ያለው ይመስለዋል። ነገር ግን ድርጅቶቹ የማሳየት መብትን የሚዋዋሉት ለየአገሩና ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ፊልሙ ይነሣል። በዚህም ምክንያት በዋሽንግተን የሚታየው በአዲስ አበባ ላይታይ ይችላል። ኔትፍሊክስ በጃንዋሪ 2016 ከ130 በሚበልጡ ተጨማሪ አገሮች ሲከፈት ኢትዮጵያም ከነዚያ አንዷ ነበረች፤ ሆኖም የየአገሩ የፊልም ዝርዝር አንድ ዓይነት አይደለም። ጥሩ ፊልምም ቢሆን ብዙ ዓመት ሊጠበቅ ይችላል፤ የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» በ1993 ወጥቶ፣ ታድሶ በኔትፍሊክስ የቀረበው በ2021 ነበር። ስለዚህ ከመክፈል በፊት በስም ፈልጎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ጥያቄ የመስመሩ ነገር ነው። በኔትፍሊክስ መግለጫ መሠረት፣ በመካከለኛ ጥራት የሚታይ ፊልም በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት፣ ከሁሉ በላይ በሆነው ጥራት ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ይወስዳል። የሁለት ሰዓት ፊልም በከፍተኛ ጥራት የሚያይ ሰው 6 ጊጋባይት ያህል ይጨርሳል ማለት ነው። በስልክ ካርድ ጥቅል ለሚጠቀም ሰው፣ ከፊልሙ ኪራይ ይልቅ የመስመሩ ዋጋ ሊከብደው ይችላል። በትንሽ የስልክ ገጽ ላይ የመካከለኛው ጥራት ይበቃልና፣ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ብልህነት ነው። ፊልሙን በዋይፋይ አስቀድሞ ለማውረድ የሚፈቅድ አገልግሎት ከተገኘም ይመረጣል፤ መብራት ወይም መስመር ቢቋረጥ 48 ሰዓቱ መቊጠሩን አያቆምምና።

አራተኛው ጥያቄ ስለ መውጫው ነው። መግቢያው በአንድ ጊዜ መንካት የሚያልቅ ሲሆን፣ መውጫው ግን ብዙ ገጽ የሚያዞር ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን የተባለው መሥሪያ ቤት በ2023 አማዞንን፣ ፊልም ማየትንም በሚጨምረው ፕራይም በተባለው ደንበኝነት ሰዎችን ያለ ግልጽ ፈቃዳቸው አስገብቷል፣ መውጣቱንም አስቸግሯል ብሎ ከሰሰው። ድርጅቱ ጥፋቱን ሳያምን በሴፕቴምበር 2025 2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከዚህም ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ በነጻ ሙከራ ስም የሚገባ ሰው ክፍያ የሚጀምርበትን ቀን በመቊጠሪያው ላይ ይጻፍ፤ ከመግባቱም በፊት መውጫው የት እንዳለ ይመልከት።

በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የይለፍ ቃሉን ልኮላቸው ለሚያዩትም አንድ ቃል እንጨምር። ኔትፍሊክስ በሜይ 2023 ለአሜሪካ ደንበኞቹ እንዳስታወቀው፣ አንድ ደንበኝነት በአንድ ቤት አብረው ለሚኖሩ ሰዎች ብቻ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባው ቤተ ሰብ በዘመዱ መስመር ላይ ተማምኖ መቀመጥ አይችልም።

አምስተኛው ጥያቄ ስለ «ግዛ» ትርጉም ነው። ከኪራዩ አጠገብ ዋጋው ከፍ ብሎ «ግዛ» የሚል ምርጫ ይታያል። ይሁን እንጂ የሚገዛው ዕቃ አይደለም፤ የማየት ፈቃድ ነው። በ2022 የፕሌይስቴሽን መደብር ከስቱዲዮካናል ጋር የነበረው ውል ስላበቃ፣ በጀርመንና በኦስትሪያ ያሉ ደንበኞች ከፍለው የያዟቸው የዚያ ኩባንያ ፊልሞች ከኦገስት 31 ቀን ጀምሮ የማይታዩ ሆኑ። የካሊፎርኒያ መንግሥትም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሚሠራ ሕግ፣ ሻጮች ይህ ፈቃድ ብቻ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ አዟል። አንድን ፊልም አንድ ጊዜ ብቻ የሚያይ ሰው ሊከራየው ይበቃዋል፤ ለልጆቹ ሊያቈየው የሚፈልግ ግን ዲቪዲው ከተገኘ እሱን ገዝቶ በመደርደሪያው ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

በመጨረሻም በቤቱ ልጆች ያሉት ሰው፣ ለልጆች የተለየ መግቢያና የሚስጥር ቊጥር ያለውን አገልግሎት ይምረጥ። ወላጅ አጠገባቸው ተቀምጦ አብሮ ማየቱ ግን ከማናቸውም ቊጥር ይበልጣል።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መፈጸም ይቻላል። አንድ ወረቀት ወስዳችሁ በእውነት ልታዩአቸው የምትፈልጉአቸውን የዐሥር ፊልሞች ስም ከቤተ ሰባችሁ ጋር ጻፉ። ከዚያም በየድርጅቱ ፈልጋችሁ የትኛው በስንት ዋጋ እንዳለው በአጠገቡ አስቀምጡ። ከዐሥሩ ሰባቱ በአንድ ቦታ ከተገኙ፣ ለአንድ ወር ደንበኛ ሆናችሁ አይታችሁ ውጡ። ተበታትነው ከተገኙ ደግሞ አንዳንዱን በየምሽቱ ተከራዩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ይህን ወረቀት ሳይጽፉ የባንክ ካርድ ማውጣት አይገባም።