በየሳምንቱ ቁጠባ የቆመ ሱቅ

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ወይም ወደ ሾኔ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእንሰቱ ጓሮ ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ የተሠሩ ትንንሽ ሱቆች አይጠፉም። ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ በትንሽ በትንሹ እየተለካ የሚሸጥ ዘይትና የሞባይል ካርድ ይገኝባቸዋል። ከባንኮኒው ጀርባ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ማየትም የተለመደ ነው። አንዷ ባሏ ሞቶባታል፣ ሌላዋ ተፋታለች፤ የሦስተኛዋ ባል ከሀዲያና ከከምባታ እንደወጡት ብዙ ወንዶች ደቡብ አፍሪካ ነው።

እንዲህ ያለች እናት ባንክ ብትሄድ መጀመሪያ የምትጠየቀው መያዣ ነው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም አይለወጥም፤ ቤቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ በባል ስም ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ፣ የዛሬው ኦሞ ባንክ፣ ለዓመታት የሠራበት የቡድን ዋስትና ነው። ተበዳሪዎች እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ።

ሌላው ራስ አገዝ ቡድን ነው። የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሕንድ በተቀሰመ ልምድ አዳማ ላይ በአምስት ቡድኖች ጀመረችው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ ተገናኝተው እኩል ገንዘብ ይቆጥባሉ፤ ከተጠራቀመውም ይበደራሉ። ሰብሳቢነቱ ተራ በተራ ነው። ወለዱንም ደንቡንም የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው፤ የሚከፈለው ወለድ ተመልሶ የጋራ ሣጥናቸው ውስጥ ይገባል። በአራጣ ከሚያበድር ሰው የሚለየውም በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ብድር ትንሽ ነው፤ ምናልባት ከአንድ ካርቶን ሳሙና አያልፍም። ሳሙናው በፍሬ ተሸጦ ሲያልቅ ዕዳው ይከፈላል፣ ቀጣዩ ብድር ከፍ ይላል፣ በገበያ ቀን ዘይትና ስኳር ይጨመራል።

ሱቁን የሚጥለው ዱቤ ነው። ጎረቤት ሰብል እስኪደርስ ወይም ከውጭ ብር እስኪላክ ድረስ በደብተር እያስጻፈ ይወስዳል። የቡድኑ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ጎረቤትን እምቢ ማለት ለአንዲት እናት እጅግ ከባድ ነው። በስብሰባው ላይ ግን አባላቱ ብድሩ ምን ላይ እንደዋለና የዱቤው ደብተር ምን ያህል እንደሞላ ይጠይቋታል፤ ለማን፣ እስከ ስንት ብር መስጠት እንዳለባትም አብረው ይመክራሉ።

ብዙዎቹ ቡድኖች ከቁጠባው ለይተው አነስተኛ የማኅበራዊ መዋጮ ይይዛሉ። ልጅ ሲታመም የሕክምናው ወጪ ከዚያ ይሸፈናል፤ የሳሙናው መግዣ ብር ሳይነካ ለገበያ ቀን ይደርሳል።