አምስት ሰው፣ አንድ ተውኔት፣ ብዙ ክርክር፦ ስለ ሴቶች የተጻፉ ቴአትሮችን ሰብሰብ ብሎ ማንበብ ምን ይጠቅማል?

ቴአትር ለማየት መድረክ፣ መብራትና ትኬት ያስፈልጋል። ተውኔት ለማንበብ ግን አምስት ሰው፣ አምስት ኮፒ እና አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

የተውኔት ንባብ ክበብ የሚባለው ይኸው ነው። በሰፈር፣ በግቢ ወይም በወጣት ማዕከል ጥቂት ሰዎች ይገናኛሉ፤ ገፀ ባህርያቱን ይከፋፈላሉ፤ ድምፅ አውጥተው ያነባሉ፤ ከዚያ ይከራከራሉ። ቃል መሸምደድ የለም። አልባሳት የለም። ተመልካችም የለም፤ ሁሉም አንባቢ ነው።

ዛሬ የምናወራው ከእነዚህ ክበቦች መካከል ስለ ሴቶች የተጻፉ ተውኔቶችን መርጠው ስለሚያነቡት ነው። እንዴት ይሠራል? ምን ይነበባል? ደግሞስ ተነቦ ምን ይመጣል?

🔹 ለምን ተውኔት?

ልቦለድ ውስጥ ደራሲው ገብቶ "እሷ ግን በልቧ እንዲህ አሰበች" ብሎ ይነግረናል። ተውኔት ላይ ይሄ የለም። ያለው የተባለው ቃልና ዝምታው ብቻ ነው። "እሺ" የሚለውን አንዲት ቃል ፈርታ ነው ያለችው? ሰልችቷት ነው? ተናዳ ነው? አንባቢዋ መወሰን አለባት። ሁለት ሰው በየተራ ሲያነበው ደግሞ ሁለት የተለያየ "እሺ" ይወጣል። ክርክሩ እዚያው ላይ ይጀምራል።

ሁለተኛው ምክንያት ከኛ ኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ሀገር የቤት ጉዳይ ገመና ነው፤ አደባባይ አይወጣም። አንዲት ሴት ተነስታ "ባሌ እንዲህ ያደርገኛል" ወይም "ወንድሜ ስልኬን ይፈትሻል" ማለት ይከብዳታል። "ይቺ ገፀ ባህሪ ማድረግ የነበረባት ምንድን ነው?" ተብላ ስትጠየቅ ግን ትናገራለች። ስሙ የሌላ ነው፣ ቤቱ የሌላ ነው፣ ሀሳቡ ግን የራሷ ነው። የማንም ገመና ሳይገለጥ ጉዳዩ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። ክበቡን ከተራ የመጽሐፍ ውይይት የሚለየው ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

🔹 ለጀማሪ፦ "እንቶ ፈንቶ"

አሜሪካዊቷ ሱዛን ግላስፔል እ.ኤ.አ. በ1916 "ትራይፍልስ" የተባለ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ጻፈች። አማርኛ ስሙ "እንቶ ፈንቶ" ቢባል ያስኬዳል። አምስት ገፀ ባህርያት ብቻ ናቸው ያሉት፤ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች። ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ አልጋው ላይ ታንቆ ተገኝቷል። ሚስቱ ታስራለች። ወንዶቹ ማስረጃ ፍለጋ መኝታ ቤቱንና ጎተራውን ያስሳሉ። ሁለቱ ሴቶች ግን ማድቤት ውስጥ ይቀራሉ፤ ወንዶቹም "ሴቶች በእንቶ ፈንቶ ይጨነቃሉ" ብለው ይስቁባቸዋል። ሴቶቹ እዚያ ምን ያያሉ? ተጀምሮ ያልተጨረሰ ሥራ፣ ድንገት የተዘባረቀ ስፌት፣ የተሰበረ የወፍ ጎጆ። በመጨረሻም በሐር ጨርቅ ተጠቅልላ የተቀመጠች፣ አንገቷ የተጠመዘዘ ወፍ። ወንዶቹ ሲፈልጉት የዋሉት ምክንያት ማድቤት ውስጥ ነበር። ሴቶቹ አይተው ይደብቁታል።

ተከሳሿ ደግሞ አንድም ጊዜ መድረክ ላይ አትወጣም። ሁሉም ስለ እሷ ያወራል፤ እሷ ግን የለችም።

ግላስፔል ከዚያ በፊት የጋዜጣ ዘጋቢ ነበረች። መነሻዋም ራሷ የዘገበችው፣ በአዮዋ ግዛት የተፈጸመ የግድያ ጉዳይ ነው።

ለክበቡ የሚሆነው ጥያቄ ግልጽ ነው። ሁለቱ ሴቶች ማስረጃውን መደበቃቸው ልክ ነው? "አዎ" የሚል ይኖራል፣ "ሰው ተገድሏል እኮ!" የሚልም ይኖራል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ሁሉንም ዝም ያሰኛል፦ ጎረቤቶቿ ከግድያው በፊት የት ነበሩ? ያቺን ሴት ለዓመታት ሄዶ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

🔹 ኖራ ወጣች። ከዚያስ?

የኖርዌዩ ሄንሪክ ኢብሰን "የአሻንጉሊት ቤት" እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1879 ኮፐንሃገን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ኖራ የባሏን ሕይወት ለማትረፍ የአባቷን ፊርማ አስመስላ ገንዘብ ተበድራለች። ባልየው ሲያውቅ መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የራሱ ስም ነው። ኖራም ባሏንና ሦስት ልጆቿን ትታ በሩን ዘግታ ትወጣለች።

በጊዜው ይሄ መዓት ነበር። በጀርመን ኖራን እንድትጫወት የተመረጠችው ተዋናይት "እኔ ልጆቼን ትቼ አልሄድም" ብላ መጨረሻውን አልቀበልም አለች። ኢብሰን ሳይወድ በግዱ ኖራ የማትሄድበትን ሌላ መጨረሻ ጻፈ፤ በኋላም ሥራው ላይ እንደተፈጸመ ግፍ ቆጠረው። ክበባችሁ ሁለቱንም መጨረሻ አንብቦ ማወዳደር ይችላል።

በጣም የምንወደው ጥያቄ ግን የመጣው ከቻይና ነው። ደራሲው ሉ ሹን እ.ኤ.አ. በ1923 ቤጂንግ ውስጥ በአንድ የሴቶች መምህራን ማሠልጠኛ ንግግር ሲያደርግ "ኖራ ከወጣች በኋላ ምን ትሆናለች?" ብሎ ጠየቀ። መልሱ ስለ ኪስ ነበር። የራሷ ገንዘብ ከሌላት ወይ ትበላሻለች ወይ ተመልሳ ትገባለች፤ ነፃነት የሚገዛ ነገር ባይሆንም በገንዘብ ምክንያት ግን ይሸጣል የሚል ሀሳብ ነበረው።

አሁን ይሄን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። አንዲት ሴት ዛሬ ማታ ከቤት ብትወጣ የት ታድራለች? ቤት ኪራይ ስንት ገብቷል? አከራዩስ "ብቻሽን ነሽ?" አይላትም? ከ140 ዓመት በላይ የሆነው የኖርዌይ ተውኔት በቃ የኛ ወሬ ይሆናል።

🔹 "ልጅስ?" የሚለው ጥያቄ

ጋናዊቷ አማ አታ አይዱ የመጀመሪያ ተውኔቷን የጻፈችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 መድረክ ላይ ታየ። እንግሊዝኛ ስሙ "ዘ ዲሌማ ኦፍ ኤ ጎስት" ነው። አሜሪካ የተማረ ወጣት ጥቁር አሜሪካዊት አግብቶ ጋና ይመለሳል። ባልና ሚስት ተስማምተው መውለድን አዘግይተዋል። ቤተሰቡ ግን "መካን ናት" ብሎ ይደመድማል። ባልየው እውነቱን ያውቃል፤ ዝም ይላል። ጥፋቱ ሁሉ እሷ ላይ ይወድቃል። መጨረሻ ላይ ሚስቲቱን ደግፋ የምትቆመው፣ ያልተጠበቀችው አማቷ ናት።

ተጋብታችሁ ዓመት ካለፋችሁ፣ "ኧረ ልጅስ?" የሚለውን ጥያቄ ታውቁታላችሁ። እዚህ ተውኔት ላይ የሚያከራክረው ደግሞ የባልየው ዝምታ ነው። ምንም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ታዲያ በደለ ወይስ አልበደለም?

🔹 የኛዎቹስ?

የኛ መድረክም ብዙ የሚነበብ አለው።

ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሲያስተምሩና ሲመሩ ለተማሪዎቻቸው ቴአትር ይጽፉ ነበር። "የልቤ መጽሐፍ" በ1942 ዓ.ም. ታተመ። በኋላም በምርጫ የፓርላማ አባል የሆኑ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ይሄ ሁሉ ሲሆን በሀገራችን መድረክ የሴት ገፀ ባህሪን ወንድ የሚጫወትበት ዘመን ገና ብዙ አልራቀም ነበር። አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ቀዳሚ ተዋንያት ያንን በር የከፈቱት ስድብና ሐሜት ተቋቁመው ነው።

መንግሥቱ ለማ ደግሞ "ያላቻ ጋብቻ" እና "ጠልፎ በኪሴ" የተሰኙ ኮሜዲዎችን አበርክተውልናል። የመጀመሪያው የተማረ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ የቤት ሠራተኛውን ሊያገባ ሲነሳ የሚመጣውን ጣጣ ያሳያል። ሁለተኛው፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ ስለ ጠለፋ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። "ጠልፎ በኪሴ" በ1950ዎቹ መድረክ ላይ ሲታይ ሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀል ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊውን በፈቃዷ ካገባችው ክስ ይቀራል ይል ነበር። "በፈቃዷ" የምትለዋ ቃል በሽማግሌና በቤተሰብ ግፊት መካከል ምን ትርጉም እንደነበራት መገመት አያቅትም። ይሄ ቀዳዳ የተዘጋው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 587 ሴትን መጥለፍ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከዚያ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድንም።

እንግዲህ ዛሬ ይሄን ኮሜዲ ስናነብ እንስቃለን? የሚሳቀው በማን ላይ ነው? በጠላፊው ወይስ በተጠለፈችው? የ20 ዓመቷ ልጅና የ60 ዓመቷ እናት አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ሲያነቡት የሚስቁበት ቦታ ይለያያል። ያ ልዩነት ራሱ ትምህርት ነው።

🔹 ወንዶች ይግቡ ወይስ አይግቡ?

ሁለቱም መንገድ ይሠራል፤ የሚያስገኙት ግን ይለያያል። ሴቶች ብቻ ሲሆኑ ወሬው ይፈታል። ወንዶች ሲጨመሩ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ፤ ገፀ ባህርያቱን ማቀያየር። ወንዱ የኖራን ቃል ያንብብ፤ ሴቷ የባልየውን። "ዝም በይ" የሚለውን ቃል ሰምቶ መልስ ማጣት ምን እንደሚመስል የሚገባው አንዳንዴ ራሱ ሲያነበው ነው። አንዳንድ ስብሰባ ለሴቶች ብቻ፣ አንዳንዱ ለሁሉም ማድረግም ይቻላል።

🔹 ማንበብ ብቻውን ምን ለውጥ ያመጣል?

ሁለት እውነተኛ ታሪኮችን እናንሳ።

እ.ኤ.አ. በ1908 ለንደን ውስጥ ተዋንያት ሴቶች ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገል ሊግ አቋቋሙ። አጫጭር ተውኔቶችን እያስጻፉ በአዳራሽና በሰው ሳሎን ሳይቀር ያቀርቡ ነበር። የብሪታንያ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ያገኙት በ1928 ነው። 20 ዓመት ፈጅቷል። ተውኔቶቹ ብቻቸውን አላመጡትም፤ ግን ሰልፍ ለመውጣት የሚፈራውን ሰው በሳሎን በኩል ይዘውት ገብተዋል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2003 ነው። የኢራቅን ጦርነት የተቃወሙ ሰዎች በ59 ሀገራት ከ1,000 በላይ ቦታዎች ላይ አንድ ተውኔት አነበቡ። "ሊሲስትራታ" ይባላል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ411 የተጻፈ፣ ባሎቻቸው ሰላም እስኪያወርዱ ድረስ መኝታ ስለሚከለክሉ የግሪክ ሴቶች የሚያወራ ኮሜዲ ነው። ጦርነቱ ቀረ? አልቀረም። በ17ኛው ቀን ተጀመረ።

ስለዚህ ማንም "ተውኔት አንብቡ፣ ዓለም ይለወጣል" ቢላችሁ አትመኑት። የሚለወጠው ትንሽ ነገር ነው። ብቻዬን ነኝ ብላ ታስብ የነበረች ሴት ብቻዋን አለመሆኗን ታያለች። ይሄ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

🔹 እንጀምር ካላችሁ

📌 ቦታ፦ ወጣት ማዕከል፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የአንዳችሁ ሳሎን። እንደ እቁብ ተራ ብታወጡ ይቀላል። ውጭ ያላችሁ ደግሞ በቪዲዮ ጥሪም ይሆናል።

📌 ቁጥር፦ ከ5 እስከ 12። ከዚያ ከበለጠ ግማሹ ሰው ሳይናገር ይሄዳል።

📌 ጊዜ፦ ለንባብ 40 ደቂቃ፣ ለውይይት 40 ደቂቃ። ቡና ካለ ደግሞ አቦሉ ላይ ማንበብ፣ ቶናው ላይ መከራከር፣ በረካው ላይ ቀጣዩን መምረጥ።

📌 የትዕይንት ማብራሪያውን፣ ማለትም "በሩን ትዘጋለች" ዓይነቱን፣ የሚያነብ አንድ ሰው መድቡ። አለበለዚያ ታሪኩ ይጠፋችኋል።

📌 መጽሐፍ፦ ቤተ መጻሕፍትና አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ጠይቁ። በኛ ሕግ የቅጂ መብት ደራሲው በሕይወት እያለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ለሕዝብ ማቅረብ ካሰባችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

📌 ሦስት ሕጎች፦ የምንተቸው ገፀ ባህሪዋን እንጂ አንባቢዋን አይደለም። እዚህ የተወራ እዚህ ይቀራል። ማንበብም መናገርም ያልፈለገ "ይለፈኝ" ማለት ይችላል።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ አለ። አንድ ቀን አንዷ "ይሄ የኔ ታሪክ ነው" ልትል ትችላለች። ያኔ "ቻዪው፣ ያልፋል" አትበሏት፤ ሽማግሌ ለመሆንም አትሞክሩ። አዳምጧት፤ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደምትፈልግ እሷን ጠይቋት፤ ሳትፈቅድ ለማንም አትናገሩ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም ጥቃት ለደረሰባቸው መጠለያ አለው። የእነዚህን አድራሻ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ፈልጋችሁ ያዙ።

የመጀመሪያውን ስብሰባ በዚህ ጥያቄ መክፈት ትችላላችሁ፦ እስካሁን ካያችሁት ቴአትር ወይም ፊልም ውስጥ የራሷ ፍላጎት ያላት፣ የማንም ሚስት ወይም እናት ብቻ ያልሆነች ሴት ማን ናት? መልስ ለማግኘት ብዙ ካሰባችሁ፣ ክበቡ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው።