ቁልፍ የሌለው የጆሮ ማዳመጫ በምን ይከፈታል?

አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ይህን ተረት መጀመሪያ የተናገረው ሰው ስለ ሐሜት አስቦ ይሆናል እንጂ ስለ ስልክ አላሰበም። ነገር ግን በቅርቡ በጎረቤታችን፥ በአንድ ጡረተኛ መምህር ላይ የደረሰውን ስመለከት፥ ተረቱ ለዛሬውም ዘመን የሚስማማ ሆኖ አገኘሁት።

እኒህ መምህር ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሲሆን፥ አንዲት ልጃቸው በአሜሪካ፥ በዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ትደውልላቸዋለች። ስልካቸው ድምፁ ደከም ያለ ነው፤ የእርሳቸውም ጆሮ እንደ ድሮው አይደለም፤ ግቢው ደግሞ በልጆች ጫጫታ የተሞላ ነው። ያልሰሙትን ነገር «ድገሚልኝ» ማለቱ እያሳፈራቸው፥ «እሺ ልጄ፥ እሺ» ማለትን ልማድ አደረጉት።

አንድ ቀን ግን አንድ ደላላ ገዢ አስከትሎ መጣና በራቸውን አንኳኳ። «ቤቱን ለማየት ነው የመጣነው፤ እርስዎም እንደ ተስማሙ ልጅዎ ነግራናለች» አላቸው። ለካስ ልጅቱ «አባባ፥ ቤቱን ሸጠው እኔ ዘንድ ቢመጡስ?» ብላ ጠይቃቸው ኖሯል። እርሳቸውም ሳይሰሙ «እሺ ልጄ» ብለዋታል!

ደላላው በትሕትና ተሸኘ። ልጅቱም ነገሩ በገባት ጊዜ፥ አባቷ ድምፅዋን በጆሯቸው ውስጥ አጥርተው ይሰሙ ዘንድ፥ ገመድ የሌላቸው ሁለት ትንንሽ ማዳመጫዎች በመንገደኛ እጅ ላከችላቸው። ሣጥኑ ነጭና ለስላሳ፥ ከክብሪት ቤት ጥቂት ከፍ የሚል ነው። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ገለበጡት፥ አገላበጡት፤ የሚጫን ቁልፍ ግን አላገኙም። ወደ ጆሯቸው ቢያስገቡት ዝም አለ። አንድ የሰፈር ልጅ «ጋሼ፥ ይኼ ነገር ሳይበላሽ አይቀርም፤ በቢላዋ ፈልቀቅ አድርጌ ልየው» ሲል ነበር እኔ የደረስሁት።

እንኳንም ደረስሁ! በእንዲህ ያለው ማዳመጫ ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነውና፥ በቢላዋ ጫፍ የተወጋ እንደ ሆነ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ ቢላዋውን አስቀመጥንና ከሣጥኑ ጋር የመጣችውን፥ ፊደሏ ከጉንዳን የሚያንሰውን ወረቀት ማንበብ ያዝን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሎችም ሰዎች በዚሁ ነገር ሲቸገሩ ስላየሁ፥ የተማርሁትን ለአንባቢዎች ማካፈል መልካም መስሎ ታየኝ።

ቁልፉ የት ሄደ?

ቀድሞ ራዲዮ ስንከፍት ጉጡን ጠምዘዝ እናደርግና «ቀጭ» የሚል ድምፅ እንሰማ ነበር። እንግዲህ ዓይናችንም እጃችንም የለመደው ያንን ነው። በዚህ በአዲሱ መሣሪያ ግን ቁልፉ አልጠፋም፤ ቦታውን ብቻ ለወጠ። ሣጥኑ ራሱ ቁልፍ ሆነ።

ሣጥኑን እንደ ሙዳይ አድርገን እናስበው። ሙዳይ ክዳን አለው፤ ክዳኑ ሲገጠም በውስጡ ያለው ዕቃ ያርፋል። የማዳመጫው ሣጥንም የራሱ ባትሪ አለው፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የብረት ነጥቦችም በማዳመጫዎቹ ላይ ካሉት ነጥቦች ጋር ይገናኛሉ። ማዳመጫዎቹ ጎድጓዳ ቦታቸው ላይ ሲቀመጡ ከሣጥኑ ኃይል ይቀበላሉ፤ በዚያው ልክ ሥራቸውን አቁመው ይተኛሉ። ከሣጥኑ ሲወጡ ያ የኃይል ግንኙነት ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ። እዚህ ላይ የሚያስገርመው፥ የቤታችን አምፑል ኃይል ሲቋረጥበት የሚጠፋ ሲሆን፥ ይህ መሣሪያ ግን ከሣጥኑ የሚያገኘው ኃይል ሲቋረጥበት የሚነሣ መሆኑ ነው።

በብዙዎቹ ዘንድ ክዳኑም የራሱ ሥራ አለው። በክዳኑ ጫፍ ትንሽ ማግኔት ይቀበርና፥ በሣጥኑ ውስጥ ማግኔት ቀርቦ እንደ ሆነ የሚለይ ረቂቅ መሣሪያ ይደረጋል። ይህ መሣሪያ የሚሠራበትን ሕግ ያገኘው አሜሪካዊው ኤድዊን ሆል ሲሆን፥ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1879 ዓ.ም. ነው። ክዳኑ ሲከፈት ማግኔቱ ይርቃል፤ ሣጥኑም «ባለቤቴ መጣ» ብሎ ማዳመጫዎቹን ይቀሰቅሳል።

የሰማያዊ ጥርስ ነገር

ማዳመጫው ከስልኩ ጋር የሚነጋገረው ብሉቱዝ በሚባለው የራዲዮ ዘዴ ነው። ይህን ዘዴ የስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ መሐንዲሶች ሉንድ በተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. መሥራት ጀመሩ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ኤሪክሰን፥ ኢንቴል፥ ኖኪያ፥ አይ.ቢ.ኤም.ና ቶሺባ ተባብረው ማኅበር አቋቋሙለት። ስሙ የተወሰደው በ10ኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርክን ከገዛው ከንጉሥ ሃራልድ ቅጽል ሲሆን፥ ትርጓሜውም «ሰማያዊ ጥርስ» ማለት ነው። ንጉሡ የተለያዩ ነገዶችን አንድ እንዳደረገ ሁሉ፥ ዘዴውም የተለያዩ መሣሪያዎችን እንዲያስማማ ታስቦ የተሰጠ ስም ነው።

ሞገዱ ከ2,402 እስከ 2,480 ሜጋኸርዝ ባለው ስፍራ ይጓዛል። በዚሁ ስፍራ ዋይፋይም፥ ምግብ ማሞቂያው ማይክሮዌቭም ስለሚገኙ ሁከቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ስልኩና ማዳመጫው በአንድ መሥመር ላይ አይቆሙም፤ በ79 መሥመሮች ላይ በአንድ ሰኮንድ እስከ 1,600 ጊዜ ያህል አብረው ይዘላሉ። አብረው መዝለል እንዲችሉ ግን አስቀድመው መተዋወቅ ይኖርባቸዋል። ይህን መተዋወቅ ነው «ማጣመር» የምንለው። በመጀመሪያው ቀን የምሥጢር ቁልፍ ይለዋወጡና በየማኅደራቸው ያኖሩታል፤ ከዚያ ወዲህ በተገናኙ ቁጥር እንደ ዘመድ ይተዋወቃሉ።

አጀማመሩ እንዲህ ነው

1ኛ፤ አዲስ ማዳመጫ ከሆነ ከሣጥኑ አውጥተን ከነጥቦቹ ላይ የተለጠፈች ስስ ላስቲክ እንዳለች እንይ። ይህች ላስቲክ ካልተነሣች ኃይል አይተላለፍም። በመምህሩም ዘንድ የመጀመሪያዋ ጥፋት ይህች ሆና ተገኘች።

2ኛ፤ ማዳመጫዎቹን በየቦታቸው፥ ቀኙን በቀኝ ግራውን በግራ መልሰን ክዳኑን እንግጠም። ሣጥኑንም በስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ገመድ እንሰካው። ብዙ ወር ሳይነካ የተቀመጠ ባትሪ መብራት እንኳ ለማብራት አቅም ያጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳንነካካው እንተወው።

3ኛ፤ በስልኩ ላይ «ቅንብሮች» የሚለውን ከፍተን ብሉቱዙን እናብራ።

4ኛ፤ ሣጥኑን ወደ ስልኩ አቅርበን ክዳኑን እንክፈት። በአንዳንዱ ዓይነት ክዳኑን መክፈት ብቻ ይበቃል፤ በአንዳንዱ ሁለቱንም ማዳመጫ ማውጣት ያስፈልጋል። ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረች «የሚያጣምረኝ እሻለሁ» ማለቷ ነው።

5ኛ፤ በስልኩ ላይ የማዳመጫው ስም ሲወጣ ስሙን እንንካ፤ ስልኩ «ይጣመር?» ብሎ ቢጠይቅ እሺ እንበል። ብልጭታው ሲቆም ሥራው አለቀ። ከዚያ በኋላ ይህን ሁሉ መድገም አያስፈልግም፤ ከሣጥኑ ሲወጣ ራሱ ይገናኛል፤ ሲመለስና ክዳኑ ሲገጠም ራሱ ይለያያል።

ከሣጥኑ ጀርባ ትንሽ ክብ ቁልፍ ያለው ዓይነትም አለ። እርሷ ግን የመክፈቻ ሳትሆን የማጣመሪያ ናት። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. በወጣው የአፕል ኩባንያ ኤርፖድ፥ ክዳኑን ከፍቶ ያችን ቁልፍ መብራቱ ነጭ ብልጭታ እስኪሰጥ ድረስ ተጭኖ መያዝ ነው። በአራተኛው ኤርፖድ ደግሞ ያችም ቁልፍ ቀርታለች፤ ክዳኑ ተከፍቶ መብራቱ ሲበራ የሣጥኑን ፊት በጣት ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ነው። ኤርፖድ ማክስ የተባለው ጆሮን የሚሸፍነው ትልቁ ዓይነትም መክፈቻ የለውም፤ ከማኅደሩ ሲወጣ ይነቃል፥ ወደ ማኅደሩ ሲመለስ ያንቀላፋል። በአንገት የሚንጠለጠሉ አንዳንዶች ደግሞ ሁለቱ ጫፎቻቸው በማግኔት የተጣበቁ ናቸው፤ ሲላቀቁ ይከፈታሉ፥ ሲገጣጠሙ ይዘጋሉ።

አልገናኝ ካለስ?

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እንዲሉ፥ ዕቃው ተበላሸ ከማለት በፊት አራት ነገሮችን መመርመር ይገባል።

የመጀመሪያው፥ ማዳመጫው ከሌላ ስልክ ጋር ተገናኝቶ እንደ ሆነ ነው። ማዳመጫ ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሰው የመጨረሻ ወዳጁን ነውና፥ በጎረቤት ክፍል ያለ የልጅ ስልክ ሳናውቀው ወስዶብን ይሆናል። በዚያኛው ስልክ ላይ ብሉቱዝ ሲጠፋ ወደ እኛ ይመለሳል።

ሁለተኛው፥ የነጥቦቹ ንጽሕና ነው። የጆሮ እድፍና ላብ በነጥቦቹ ላይ ሲደርቅ ኃይል ያግዳል። በደረቅ ጥጥ ወይም በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል፤ ውኃ ማፍሰስ ግን ዕቃውን መግደል ነው።

ሦስተኛው፥ ርቀት ነው። የተለመደው ማዳመጫ የሚደርሰው ወደ 10 ሜትር ያህል ነው። ግድግዳ ያሳጥረዋል፤ የሰው ገላም አብዛኛው ውኃ ስለ ሆነ ሞገዱን ይመጥጣል። ስልኩ በኋላ ኪስ ሆኖ ድምፁ ቢቆራረጥ ወደ ፊት ኪስ ማዛወር ብቻ ይበጃል።

አራተኛው፥ አንደኛው ጆሮ ሠርቶ ሌላው ዝም ያለ እንደ ሆነ፥ በስልኩ ላይ የማዳመጫውን ስም «እርሳ» ብሎ አጥፍቶ፥ ሁለቱንም ወደ ሣጥኑ መልሶ እንደ አዲስ ማጣመር ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቢ ካለ፥ ያን ጊዜ ወደ ባለሙያ መውሰድ ተገቢ ይሆናል።

ጆሮን ስለ መጠበቅ

መሣሪያው መልካም ቢሆንም ልክ አለው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚመክረው፥ ለዐዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል ኃይል የሚሰማ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ መሆን የለበትም፤ ለሕፃናት ልኩ ወደ 75 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ጥቃቅን ፀጉሮች አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉምና፥ ወጣቶች ይህን ነገር ቸል ባይሉት ይሻላል። እንደዚሁም ሁለቱንም ጆሮ ደፍኖ አስፋልት መሻገር ከመኪና ጋር መጋጨትን መጋበዝ ነው፤ በመንገድ ላይ አንዱን ጆሮ ነፃ መተው ይገባል።

ጆሮው በእውነት ለደከመበት ሰው ደግሞ ማዳመጫ የሐኪም ምትክ አይሆንም። አስቀድሞ መመርመር ያሻል።

መምህሩ በመጨረሻ

በዚያች እሑድ መምህሩ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ከወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሣጥኑን ከፈቱ፤ መብራቷ በራች። ማዳመጫዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጆሯቸው አስገቡ። ስልኩ ሲጮህ እኔና ያ ባለ ቢላዋ ልጅ ከበሩ ላይ ቆመን እናያቸው ነበር። ጥቂት ዝም ብለው አዳመጡና ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፥ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ? ድምፅሽ ተዘግቷል» አሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ይህን ያህል አጥርተው ሰምተዋት አያውቁም ነበር።

ልጅቱ ስለ ቤቱ ነገር እንደገና ሳትጠይቃቸው አልቀረችም። እርሳቸውም በዚህ ጊዜ «እሺ» አላሉም። «ቤቱ እናትሽ የኖረችበት ነው፤ አልሸጠውም። ይልቅስ ለጥምቀት አንቺ ነይ፤ መኝታሽን አስጠርጋለሁ» አሏት።

ንግግራቸውን ሲጨርሱ ማዳመጫዎቹን አውጥተው በየቦታቸው መለሱና ክዳኑን ገጠሙ። መብራቷ ጠፋች። ከዚያም ያን ልጅ ጠርተው ሣጥኑን በእጁ ሰጡትና «በል እንግዲህ፥ አሁን አንተ ክፈተው፤ ያለ ቢላዋ» አሉት።