ከባጥሐ የሱቅ ሰሌዳ እስከ ድርዒያ አዳራሽ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የሰው ጥበብ

ባጥሐ በሪያድ መሃል፣ ከመስመክ ምሽግ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የገበያ ሰፈር ነው። ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከልዩ ልዩ አገሮች ለሥራ የመጡ ሰዎች የሚገበያዩበት በመሆኑ፣ በሱቆቹ ሰሌዳዎች ላይ ዐረብኛ ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ጎን ለጎን ይነበባል። እንዲህ ያለው ሰሌዳ ቀድሞ የኸጣጥ፣ ማለትም የቁም ጽሕፈት ባለሙያ የእጅ ሥራ ነበር። ቆይቶ ኮምፒዩተርና ማተሚያ ቦታውን ወሰዱ። ዛሬ ደግሞ ጥቂት ቃላት የተሰጡት ፕሮግራም ሥዕሉንም ጽሑፉንም በአፍታ ሠርቶ ያቀርባል።

የዚህ ለውጥ ሌላው ገጽታ በዚያው በሪያድ፣ በታሪካዊቷ ድርዒያ ይታያል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 የተከፈተው «ድርዒያ አርት ፊውቸርስ» የተሰኘው የዲጂታል ጥበብ ማዕከል፣ የመጀመሪያ ዐውደ ርእዩን ያዋለው ለሰው ሠራሽ አስተውሎትና ለሥዕል ጥበብ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2018 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ በአልጎሪዝም የተሠራ አንድ የሰው ምስል በ432,500 ዶላር በጨረታ ተሽጧል። ፕሮግራሙ ምስሉን የሠራው ግን ሠዓሊዎች በ6 ክፍለ ዘመናት ውስጥ የሣሏቸውን 15,000 ያህል ምስሎች ከተማረ በኋላ ነበር። ማሽኑ ያለ ሰው እጅ ቅርስ ባዶ መሆኑን ይህ ብቻ ያስረዳል።

ታዲያ የሰው የፈጠራ ችሎታ ያድጋል ወይስ ይደክማል? በ2024 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ አድቫንስስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ሁለት ገጽ ያለው መልስ ሰጥቷል። አጫጭር ታሪኮችን ከጻፉት 293 ሰዎች መካከል ከማሽኑ ሐሳብ የተቀበሉት፣ በተለይም የፈጠራ ችሎታቸው ዝቅ ያለው፣ የተሻለ ታሪክ ጽፈዋል። ይሁንና ታሪኮቻቸው ይበልጥ እርስ በርስ ተመሳስለዋል። ግለሰቡ ሲጠቀም፣ የጋራው ማዕድ ግን አንድ ዓይነት ጣዕም ይይዛል ማለት ነው።

ለአማርኛና ለዐረብኛ ተናጋሪዎች ጉዳዩ ሌላም ሥጋት አለው። ምስል ሠሪ ፕሮግራሞች የዐረብኛን ተያያዥ ፊደላት ሲቆራርጡ፣ የግዕዝንም ፊደል ትርጉም ወደሌለው ጭረት ሲለውጡ በተደጋጋሚ ታይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው ያስተማሩትን ነው፤ አማርኛ ደግሞ በበይነ መረብ ላይ ያለው ድርሻ አነስተኛ ነው። በሱቅ ሰሌዳ ላይ እንዲህ ያለው ስሕተት ያስቃል፤ በቅዱስ ቁርኣን አንቀጽ ላይ ግን አንዲት ፊደል ትርጉም ትለውጣለች።

መዲና የሚገኘው የንጉሥ ፋህድ የቁርኣን ማተሚያ ማዕከል ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። ማዕከሉ በሚሊዮኖች የሚያባዛው ሙስሐፍ መነሻው የኸጣጡ የዑስማን ጣሃ የእጅ ጽሑፍ ነው። ማሽኑ ያበዛል፣ ያዳርሳል፤ ለፊደሉ ኀላፊነት የሚወስደው ግን ሰው ነው። በሐረርም የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖችን የሰበሰቡት አብዱላሂ ሸሪፍ፣ የከተማይቱን ጥንታዊ የመጽሐፍ አደጓጎስ ሙያ መልሰው እንዲያንሰራራ አድርገዋል።

ሕጉም ወደዚሁ ያዘነብላል። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የሚለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው። በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ያስቻለ የይግባኝ ፍርድ ቤትም፣ ማሽን ብቻውን ለሠራው ሥዕል የቅጂ መብት እንደማይሰጥ ወስኗል።

ሕግ ሊያስጠብቀው የማይችለው ግን የመማሪያውን ጊዜ ነው። የዐረብኛ ቁም ጽሕፈት በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. በ16 አገሮች ጥያቄ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው። ደቀ መዝሙር ዓመታት ለፍቶ ከመምህሩ ኢጃዛ የሚቀበልበት ሙያም ነው። ጀማሪው እጁን የሚያፍታታው የሱቅ ሰሌዳና የሠርግ ጥሪ ወረቀት በሚያስገኙለት አነስተኛ ገቢ ነው። ያ ገቢ ሲነጥፍ የሚጎዳው የዛሬው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ነገ መምህር የሚሆነውም ነው። ስለዚህ ሰሌዳ የሚያሠራ ነጋዴ ንድፉን ከማሽን ቢያገኝም እንኳ፣ ፊደሉን የሚያርምና የሚያስውብ ባለሙያ ቢቀጥር ስሙ በትክክል ይነበብለታል፤ ሙያውም ተረካቢ አያጣም።