ለመስከረም ወባ በነሐሴ የሚለገስ ደም

ክረምቱ ሲወጣ የቦርከና ወንዝ ያጥለቀለቀው የጨፋ ሜዳ እዚህም እዚያም ውሃ አቁሮ ይቀራል፤ ከዚያ ወባ ይነሣል። የጨፋ ሮቢትና የከሚሴ እናቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ብዙ የማይወራው፣ ወባ የደም ጥያቄም ጭምር መሆኑ ነው።

ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይራባል፤ የሚወጣውም ሴሉን አፈንድቶ ነው። ጣፊያም ያልተበከሉትን ሴሎች ሳይቀር ያስወግዳል፤ መቅኒ ደግሞ አዲስ ሴል የማምረት ዐቅሙ ይደክማል። የአንድ ሕፃን ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ4 ግራም በታች ከወረደ መድኃኒቱ ተውሳኩን ቢገድልለትም ያለቀውን ደም በጊዜ አይመልስለትም። ያን ጊዜ የሚያተርፈው የሌላ ሰው ደም ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰጠዋል። ከአንድ ለጋሽ የሚቀዳው 450 ሚሊ ሊትር መሆኑን ልብ ይበሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚሰጠው ደም እስከ 54 በመቶ የሚሆነው ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነው።

ታዲያ ለምን አስቀድሞ አይከማችም? ቀይ የደም ሴል ከረጢት ውስጥም ሕይወት ስላለው ነው። አብሮት የተጨመረለትን ስኳር እየተመገበ ይቆያል፤ ቀን በገፋ ቁጥር ኃይሉ ያልቃል፣ ይደድራል፣ በቀጫጭን የደም ሥሮች ተጣጥፎ ማለፍ ያቅተዋል። ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚይዝ ማቀዝቀዣ፣ በተለመደው ማቆያ ፈሳሽ፣ ዕድሜው 35 ቀን ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌት ግን የሚቆየው 5 ቀን ብቻ ነው።

ይህን ከእኛ የቀን መቁጠሪያ ጋር እናስተያየው። በአገራችን ደም በመለገስ ግንባር ቀደም የሆኑት ተማሪዎች ናቸው፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ዝግ ነው። ሰኔ 20 የተለገሰ ደም ሐምሌ 25 ላይ ያበቃል። ነሐሴ 15 የተለገሰው ግን ጳጉሜን ተሻግሮ እስከ መስከረም 15 ይደርሳል። ወባው የሚያገኘን እንግዲህ ማቀዝቀዣው በሳሳበት ሰሞን ነው።

ዘመድ ሲታመም ሆስፒታል ደጃፍ ተሰልፎ ክንድ መዘርጋት ደግ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ይዘገያል። የተቀዳው ደም ከኤች አይ ቪ፣ ከሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ከቂጥኝ ነጻ መሆኑ መመርመር አለበት፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ከወሊድ በኋላ ክፉኛ የሚደማት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ለእሷ የሚደርስላት ቀድሞ ተመርምሮ የተቀመጠ ደም ነው፤ ለጨፋ ሮቢት ቅርብ ከሆኑት ደም ባንኮች አንዱ ያለው ደሴ መሆኑም የመንገዱን ሰዓት ይጨምራል።

ብዙዎችን የሚያስፈራው «ደሜ ይጎድላል» የሚለው ሐሳብ ነው። መጉደሉ እውነት ነው፤ ግን ይተካል። ፈሳሹ በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል። ኩላሊት የኦክስጅኑን መቀነስ ሲያውቅ መቅኒን በሆርሞን ይቀሰቅሳል፤ ቀይ ሴሎቹም በሳምንታት ውስጥ ይሞላሉ። ብረቱ ዘግየት ስለሚል በሁለት ልገሳ መካከል የ3 ወር ዕረፍት ተደርጓል፤ ጤፍና ምስር፣ ሲገኝም ሥጋ መብላት ይረዳል። በቅርቡ ወባ ይዞት የነበረ ሰው ግን ለጊዜው አይለግስም፤ ተውሳኩ በደም ይተላለፋልና።

ስለዚህ በነሐሴ የተማሪውን ቦታ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ገበሬውና መምህሩ ሊሸፍኑት ይገባል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝንና ጤነኛ የሆነ ሁሉ ይችላል። በረመዳንም ቢሆን ደም አሰባሳቢዎች ከኢፍጣር በኋላ፣ ሰው ውሃውን ጠጥቶ ሲጠግብ፣ መስጊድ አጠገብ ቢቀመጡ ብዙ ክንድ ያገኛሉ።